ጉልበቴን ላስቀይር ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ?

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 61 ዓመቴ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲሆን የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ሆቴል ውስጥ ነው። ክፍል አጸዳለሁ። እዚያው ቤት 14 ዓመት ሠራሁ። በቀን 14 ክፍል ይደርሰኛል። የቀኝ ጉልበቴ ሦስት ዓመት አሰቃየኝ። መርፌም ተወጋሁ፣ ቴራፒም ሄድኩ፣ ኪኒኑ ጨጓራዬን ላጠው። አሁን ሐኪሙ ‹ልም አጥንቱ አልቋል፣ አጥንት ከአጥንት እየተፋጨ ነው፣ ይቀየር› አለኝ። ፈራሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት አስቀይረው እስካሁን ያነክሳሉ። ደግሞ ሦስት ወር ከቀረሁ አለቃዬ በወጣት ትተካኛለች፤ እሷ ራሷ የልጄ እኩያ ናት። ለእህቴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፣ ልጄም ኮሌጅ ነው። አንዷ ጓደኛዬ ‹65 እስኪሞላሽ ቻል አድርጊው፣ የመንግሥቱ የጤና ኢንሹራንስ ሜዲኬር ይከፍልልሻል› ትላለች። ሌላዋ ‹62 ሲሞላሽ ሥራውን ተዪና ሶሻል ሴኩሪቲሽን ውሰጂ› ትለኛለች። እህቴ ደግሞ ‹አገርሽ ነይና ጠበል ተጠመቂ፣ ጎበዝ ወጌሻም አለ› ትላለች። ምን ይመክሩኛል?

ጉልበት ያጠራት»

ጉልበት ያጠረሽ እህቴ፣

ዘጠኝ ዓመት ስለምበልጥሽ «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚኝም። የእኔም የግራ ጉልበት ብረት ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው። ያኔ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ስለዚህ ከምነግርሽ ግማሹ ጠይቄ ያወቅሁት ነው፣ ግማሹ በራሴ የደረሰ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ቀዶ ሕክምናው የጻፍሽው ሁለት መስመር አይሞላም። የቀረው ሁሉ ስለ ሥራሽና ስለ ገንዘብሽ ነው። አልገረመኝም። በእኛ ቋንቋ ጉልበት አካልም ነው፣ አቅምም ነው፣ እንጀራ የሚበላበትም እሱው ነው። እኔም ከሥራው ልጀምር።

መልሴ አጭር ነው። አስቀይሪው። ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ።

ልቀቂ ያለችሽ ጓደኛሽ ክፉ አላሰበችም፤ ሒሳቡን ግን አልሠራችውም። ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታሽ የሚደርሰው በ67 ዓመትሽ ነው። በ62 ከወሰድሽው 30 በመቶ ይቀነስብሻል። ቅናሹ ደግሞ ለአንድ ዓመት ለሁለት ዓመት አይደለም፣ ዕድሜ ልክ ነው። ከዚህ የሚብሰው ኢንሹራንሱ ነው። ኢንሹራንስሽ የተንጠለጠለው ሥራሽ ላይ ነው። ሜዲኬር ከ65 በፊት አይመጣልሽም። በመሃል ያሉትን ሦስት ዓመታት፣ ከታመመው ጉልበትሽ ጋር፣ ከኪስሽ በምትከፍዪው ኢንሹራንስ ልታሳልፊ ነው ማለት ነው።

65 እስኪሞላሽ ቻዪው ያለችሽስ? አራት ዓመት ነው እኮ! በቀን 14 ክፍል እያነከሱ አራት ዓመት። የታመመውን እግር ስታስታምሚ ሸክሙ ወደ ሌላው ጉልበትና ወደ ወገብሽ ይሄዳል። የጭንሽ ጡንቻ ይሟሽሻል። ጉልበትሽ መዘርጋትም መታጠፍም እያቃተው ይመጣል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የደረቀ ጉልበት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም በቀላሉ አይፈታም። መጠበቅ የሚችል ሰው አለ፤ ሕመሙ መጣ ሄድ የሚልለት፣ ሌሊት እንቅልፍ የማይነሳው፣ መርፌውንም ቴራፒውንም ገና ያልሞከረ። አንቺ ሁሉንም ሞክረሽ ጨርሰሻል።

አሁን ወደ ልጅ እግሯ አለቃሽ እንሂድ። አትለማመጫት። ጉዳዩ በእሷ እጅ አይደለም። በዲሲ ሕግ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ፣ አንድ ዓመት ለሠራና ባለፉት 12 ወራት 1,000 ሰዓት ላሟላ ሠራተኛ፣ ለራሱ ሕመም በ24 ወራት ውስጥ እስከ 16 ሳምንት ፈቃድ መስጠት አለበት። የፌዴራሉም አለ፤ በ1993 የወጣው፣ ሰዉ ኤፍኤምኤልኤ የሚለው። እሱ 12 ሳምንት ነው፣ 50 ሠራተኛና 1,250 ሰዓት ይጠይቃል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆጠራሉ እንጂ አይደመሩም። ስትመለሺ የቀድሞ ቦታሽን ወይም በደመወዝም በደረጃም እኩል የሆነ ቦታ ይሰጡሻል። ኢንሹራንስሽም አይቋረጥም። ከደመወዝሽ ትቆረጥ የነበረችውን ድርሻ ግን አንቺ መክፈል አለብሽ። ስንት እንደሆነች፣ ለማን፣ በምን ቀን እንደምትከፍያት ቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ ሰው የሚያዳልጠው እዚህች ጋ ነው።

ቀኑ ሲቆረጥ ለሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ኤችአር ለሚሉት፣ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብለሽ። በስልክ ያልሽው ነገር አይያዝም። ኢሜይል ላኪና ቅጂውን አስቀሪ። ለአለቃሽ የሕመምሽን ዝርዝር መንገር የለብሽም።

ከዚያ ሐኪምሽ የሚሞላው ቅጽ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሐኪሙ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲልሽ «ሆቴል» ብለሽ እንዳታልፊ። ሆቴል ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው እንግዳ መቀበያው ጋ ከኮምፒውተር ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ናት። ስድስት ሳምንት ብሎ ይጽፍና ወደ ሌላ ታካሚ ይሄዳል። እውነትም ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ያንቺ ሥራ ግን ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። በስድስተኛው ሳምንት ያንን ጋሪ ብትገፊ የምትገፊው በዕንባ ነው።

ስለዚህ አንድ የሥራ ቀንሽን ከጠዋት እስከ ማታ ወረቀት ላይ አስፍሪው። ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት በእግርሽ እንደምትቆሚ ጻፊ። ጋሪው አንሶላና ፎጣ ሲሞላ ምንጣፍ ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ የፍራሽ ጥግ ለማንሳት ስንት ጊዜ እንደምትጎነበሺ ጻፊ። ገንዳውን ስታጥቢ በየትኛው ጉልበትሽ እንደምትንበረከኪና ለመነሳት ምን እንደምትይዢ ጻፊ። ልጅሽ በእንግሊዝኛ ያስቀምጥልሽ። ለሐኪሙ ከቅጹ ጋር አያይዘሽ ስጪው። እኔ ይህን አላደረግኩም። የገንዘብ ተቀባይ ዳስ ውስጥ ሲባል ወንበር ያለ ይመስላል። አልነበረም።

ፈቃዱ ቦታሽን ይጠብቅልሻል፣ ደመወዝ ግን አይከፍልሽም። ለደመወዙ ዲሲ ሌላ ፕሮግራም አላት፤ ፔይድ ፋሚሊ ሊቭ ይሉታል። ስሙ ቤተሰብ ይላል እንጂ ለራስ ሕመምም ነው። በ2020 ሲጀመር ለራስ ሕመም ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። ከኦክቶበር 2022 ወዲህ 12 ሳምንት ሆኗል። ደመወዙ ዝቅ ያለ ሰው እስከ 90 በመቶ ይተካለታል። የሚታየው የምትሠሪበት ቦታ ነውና ሲልቨር ስፕሪንግ መኖርሽ አያግድሽም። ገንዘቡን የሚከፍለው ከተማው ነው፣ ሆቴሉ አይደለም። የምታመለክቺው ግን ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በኋላ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ በማስታገሻ ደንዝዘሽ የይለፍ ቃልሽን ቀርቶ ስምሽን ብትረሺ አይፈረድብሽም። አካውንቱን ልጅሽ አሁን ይክፈትልሽ። (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ የዲሲው እናንተን አይመለከትም። ሾርት ተርም ዲስአቢሊቲ የሚባለው፣ ሠራተኛ ሲታመም ለጊዜው ከደመወዙ በከፊል የሚተካ ኢንሹራንስ በሥራችሁ በኩል እንዳለ ጠይቁ።)

እቁብ ትጥያለሽ? መቼም አይጠፋም። ሰብሳቢዋን አነጋግሪና ዕጣው ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲሰጥሽ ለምኚ። የከተማው ገንዘብ እስኪደርስ ያለውን ክፍተት የሚደፍን ወለድ የሌለው ብድር ከዚህ ሌላ የት ታገኛለሽ? ኢንሹራንስሽ በጃንዋሪ የሚታደስ ከሆነም ቀጠሮውን ዲሴምበር መጨረሻ ላይ አትያዢው። ለቀዶ ሕክምናው ዲዳክቲብሉን፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስሽ የሚወጣውን፣ ከፍለሽ ሳትጨርሺ፣ ለቴራፒው ደግሞ ከአዲስ ትጀምሪያለሽ።

ለእህትሽ ዛሬውኑ ንገሪያት። «ሦስት ወር እንደ ወትሮው አልልክም» በያት። እኛ ስንታመም ለአገር ቤት ሰው እንደብቃለን፤ «ይጨነቃሉ» ብለን። ከዚያ ገንዘቡ ድንገት ሲቆም «ረሳችን» ይሉናል።

ይኸው ወደ ቢላው ደረስን።

ጉልበት ተቆርጦ አይጣልም። የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ጫፍ በሚሊሜትር የሚለካ ያህል ይላግና የብረት ቆብ ይለብሳል። በመሃላቸው ልም አጥንቱን የሚተካ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። ጥርስሽን ቆብ አስደርገሽ ታውቂ እንደሆነ ነገሩ የእሱ ዘመድ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ የሚያደነዝዙት በወገብ መርፌ ነው። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ አስነስተው ያስኬዱሻል። ብረቱ ስንት ዓመት ይኖራል ብለሽ ከሰጋሽ፣ በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት ከተቀየሩ ጉልበቶች 82 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አሳይቷል። በ86 ዓመትሽ እንጨዋወታለን።

የቤተ ክርስቲያኗ እናት ታሪክ ግን እውነት ነው፣ አልሸነግልሽም። ከሚያስቀይሩት ከአምስቱ አንዱ ገደማ በውጤቱ ሙሉ በሙሉ አይደሰትም። አንዳንዱ ትንሽ ሕመም ይቀርበታል፣ አንዳንዱ እንዳሰበው አይታጠፍለትም። ከጠባሳው ወደ ውጭ ያለው ቆዳ ደግሞ ይደነዝዛል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ሳላውቅ ስነካው የሌላ ሰው እግር የነካሁ መሰለኝ። ለማንኛውም እኒያን እናት አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ቴራፒውን ስንት ጊዜ ሄዱ?

እኔ የማነክስበትን ምክንያት አውቀዋለሁና ልንገርሽ። ጥፋቱ የራሴ ነው። አስተርጓሚ እናምጣ ሲሉኝ አልፈልግም አልኩ። የእህቴ ልጅ አብሮኝ ነበር፣ እንግሊዝኛው ውሃ ነው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መጥቶ «የቻልሽውን ያህል ርገጪበት» ብሎ ኖሯል። ልጁ አክስቱን ስለሚወድ «ካመመሽ እንዳትረግጪበት» ብሎ ተረጎመልኝ። እኔም ሲያመኝ ተኛሁ። ያመኛላ! ትራስ ከጉልበቴ ሥር ከትቼ፣ እግሬን ትንሽ እጥፍ አድርጌ ስጋደም እንዴት ያለ እረፍት መሰለሽ። ዐሥራ ሁለት ቀን እንደዚያ ከረምኩ።

ከዚያ ቴራፒስቷ ቤት መጣች። ትራሱን አየችው። ምንም ሳትናገር ጎትታ አውጥታ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፎጣ ጠቀለለችና ተረከዜ ሥር አደረገች። ጉልበቴ አየር ላይ ቀረ። በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድና ቀጥ እንዲል ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አለቀስኩ። ያ ዐሥራ ሁለት ቀን ሁለት ወር አስከፈለኝ። ዛሬም የግራ እግሬ እንደ ቀኙ ቀጥ አይልም፤ ስቆም ጎንበስ ያልኩ እመስላለሁ።

ትራሱ ከተረከዝ ሥር ነው እንግዲህ። አስተርጓሚም ጠይቂ። ገንዘብ አትከፍዪም። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል የማቅረብ ግዴታ አለበት። የዲሲ መሥሪያ ቤቶችም በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ተናጋሪን በቋንቋው ያስተናግዳሉ። ልጅሽ ይምጣ፣ እጅሽን ይያዝ፣ ማስታወሻ ይጻፍ። አይተርጉም።

ቀኑ እስኪደርስ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። ጥርስሽን ታይተሽ ጨርሺ፤ ከተበላሸ ጥርስ የሚነሳ ባክቴሪያ በደም አድርጎ አዲሱን ጉልበት ሊያገኘው ይችላል። ስኳር ካለብሽ ዝቅ ይበል። የጭንሽን ጡንቻ አሠሪው፤ አልጋ ላይ እግርሽን ዘርግተሽ ጉልበትሽን ወደ ፍራሹ ተጫኚ፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ። ከመድኃኒት ሌላ የምትወስጂው ነገር ካለ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ምንም ይሁን ለሐኪሙ ንገሪው። «ይህ ምግብ እንጂ መድኃኒት አይደለም» እያልን የምንደብቀው ነገር አለ።

ቤትሽን አዘጋጂ። ሽሮና በርበሬሽን ከታችኛው ቁም ሳጥን አውጥተሽ ወገብሽ ጋ አድርሺው። ትንንሽ ምንጣፎችን ጠቅልለሽ አንሺ። የሽንት ቤት መቀመጫውን ከፍ የሚያደርገውን ዕቃ ከፋርማሲ ግዢ። ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ነው የሚያስፈልግሽ። ረጅም ቀሚስም አይሁን፤ እኔን የዎከሩ፣ የባለ አራት እግሩ መደገፊያ፣ እግር ቀሚሴን ረግጦ ሊደፋኝ ነበር። ቡና ላፍላ ብለሽ ዱካ ላይ እንዳትቀመጪ። መቀመጡስ ይሁን፣ ማን ያነሳሻል?

ከተመለስሽ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ያታልላል። ማደንዘዣው አልለቀቀሽምና «ይኼው ነው እንዴ?» ትያለሽ። ጉዱ የሚመጣው ነርቭ ላይ የተሰጠው ማደንዘዣ ሲለቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በማግስቱ። ኪኒኑን ሕመሙ ሳይጠና በሰዓቱ ውሰጂ፣ ከቴራፒ በፊትም አይለፍሽ። ጠንካራው ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ የሚያለሰልሰውን አብረሽ ጀምሪ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ 20 ደቂቃ ያህል አድርጊበት፣ በቀን ደጋግመሽ። ምርኩዙን የምትይዢው በግራ እጅሽ ነው፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይሳሳታል። መቋሚያ በምርኩዝ ፋንታ አያገለግልም። ደረጃ ስትወጪ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርጂ የታመመው። መንዳት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ፤ ፍሬን የሚረግጠው ያው የተቀየረው እግርሽ ነው። ጠንካራው ማስታገሻ እያለ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሆድ ይብሳል። ሌሊቱ አይነጋም፣ እብጠቱ አይጎድልም፣ የሚጠይቅሽም ሰው ቀንሷል። «ምን ነክቶኝ ነው ተቀድጄ የተሰፋሁት?» ትያለሽ። ያላለ የለም። በስድስተኛው ሳምንት ጠዋት ተነስተሽ ወደ ወጥ ቤት ሄደሽ፣ ምርኩዙን አልጋው ጋ እንደረሳሽው ትዝ ይልሻል።

ጠያቂ ያልኩት ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ብርቱካን ጭማቂ ይዞ የማይመጣ የለም። እኔ አሥራ አንድ ካርቶን ቆጥሬያለሁ። ሰው ሲመጣ ደግሞ አያስችልሽም፣ «ቡና ሳላፈላ?» ብለሽ ትነሻለሽ። አንድ ጓደኛሽን ምረጪና ስልክሽን እሷ ትያዝ። ጠያቂውን እሷ ታሰልፈው። ማኅበርተኞችሽ ቤት ሞልተው ከሚቀመጡ በተራ አንድ አንድ ሌሊት ይደሩልሽ። ሽማግሌም ልጅም የሳለ ሰው ግን ለጊዜው በስልክ ይጠይቅሽ።

አሁን ወደ እህትሽ ሐሳብ። ጠበሉን ጠጪው። ቁስሉ ሳይዘጋና ሐኪሙ ሳይፈቅድ ግን ውሃ ውስጥ አትግቢ። ወጌሻው ለወለምታ ይሁንለት፤ ያለቀ ልም አጥንት በመታሸት አይመለስም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ያንን እግር ማንም አይሸው። የረጋ ደም ካለ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው በረራም ከ12 ሰዓት በላይ ነው፤ ሐኪምሽ ሳይፈቅድ አትሳፈሪ። ጾሙን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቁስል የሚድነው ፕሮቲን ሲያገኝ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ለታመመ ሰው ታዝናለች። አይሆንልኝም ካልሽ ምስሩም ሽሮውም ባቄላውም ከወትሮው በእጥፍ ይሁን። ስግደትን አልጠየቅሽኝም፣ እንደምታስቢው ግን አውቃለሁ። መንበርከክ ብረቱን ባይሰብረውም ለብዙዎቻችን ደስ አይልም። እኔ ቆሜ አጎነብሳለሁ።

ባትሽ ካበጠና ሲነካ ካመመሽ፣ ወይም ቁስሉ ከቀላና ፈሳሽ ካወጣ፣ ወይም ከተኮሰሽ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ደውዪ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ 911 ነው። «ነገ ይሻለኛል» የለም።

ወደ ሥራ ስትመለሺ ወደዚያው ገንዳ ሥር አትመለሺ። አዲሱ ጉልበት ያስኬድሻል፣ ደረጃ ያስወጣሻል፤ በቀን 14 ጊዜ ለመንበርከክ ግን አልተሠራም። በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ኤዲኤ የሚሉት፣ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ሠራተኛው ሥራውን እንዲችል የሚመች ማስተካከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ሐኪምሽ «መንበርከክ የለም፣ ከዚህ ኪሎ በላይ መግፋት የለም» ብሎ ይጻፍልሽ። ከዚያ ረጅም እጀታ ያለው ብሩሽ ጠይቂ። ክፍት ቦታ ካለ ልብስ ማጠቢያው ጋ ፎጣ ማጠፍ፣ ወይም ሎቢና ኮሪደር። አዲስ ሥራ ፈጥረው እንዲሰጡሽ አይገደዱም፤ ቁጭ ብለው ሊነጋገሩሽ ግን ግዴታቸው ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነን ሰው በዕድሜው የተነሳ መግፋትም ከ1967 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው። ይህን ለአለቃሽ በቁጣ አትንገሪያት። ማወቅሽ ብቻ በድምፅሽ ይታወቃል።

እኔ ብሆን ሎቢውን ይዤ 65 እገባ ነበር። ያኔ ሜዲኬሩም አለ፣ ልጅሽም ተመርቋል፣ ሥራውን ልቀቂ ያለችሽን ጓደኛሽን ቡና ጋብዘሽ ትሰሚያታለሽ።

ለጊዜው ያንን የሥራ ቀን ጻፊው። ለሐኪሙ ከመስጠትሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ገንዳው መኖሩን አያለሁ።